የእንጦጦ ቁልቁለትና የፍሬን ታሪክ

ከፊዚክስ ትምህርታችን ጥያቄዎች መካከል በየዓመቱ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፦ «አንድ ተሽከርካሪ በዘቅዛቃ መንገድ ላይ ይህን በሚያህል ፍጥነት ሲወርድ ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝ፥ ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል?» የሚለው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው መንገድ ስም የለውም፤ በሥዕሉም ላይ የሚታየው አንድ ሦስት ማዕዘንና በላዩ የተቀመጠ አንድ ሣጥን ብቻ ነው። እኛ ግን ከእንጦጦ ሥር የምንማር ስለ ሆንን መንገዱን እናውቀዋለን። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ቁስቋምና ወደ ሽሮ ሜዳ፥ ከዚያም ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርደው አንዱ ነው፤ ከሱሉልታ መጥቶ ተራራውን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያና ወደ ጉለሌ የሚወርደው የጎጃም መንገድ ሁለተኛው ነው። በሁለቱም ዳር ተማሪ ይሄዳል። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ሰውና ተሽከርካሪ ይህን ቁልቁለት እንዴት ሲወርዱ እንደ ኖሩ በታሪክም በስሌትም ለማሳየት አሰብን።

ለዚህ ያነሣሣን አንድ የተለመደ አነጋገር ነው። መኪና በቁልቁለት ላይ አደጋ ባደረሰ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ» ይባላል። በሬዲዮም በጋዜጣም በቡና ቤትም የሚነገረው ይኸው ነው። አነጋገሩ አንድ ገመድ ድንገት እንደ ተቆረጠ ያስመስላል፤ ድንገተኛ ነገር ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም። ነገሩ በእርግጥ እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ፍሬኑ ሳይበጠስ፥ ቧንቧውም ሳይቀደድ፥ ሁሉም በየቦታው ሳለ መኪናው እንቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። የዚህ ዓይነቱ አደጋ የሚጀምረው ከታች፥ ከገበያው አጠገብ አይደለም፤ ከላይ ከተራራው ራስ ላይ ነው። ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ አደረጉ። ከፍታው 3,000 ሜትር ያህል የሚደርስ ቦታ ስለ ሆነ፥ ለጠላት የማይመችና ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ ነበር። ይሁን እንጂ ለመከላከያ የተመረጠው ቁልቁለት ለኑሮ ደግሞ ዳገት ሆነ። ለቤተ መንግሥቱ የሚያስፈልገው እህል፥ ማር፥ ከብትና እንጨት ሁሉ ያን አቀበት መውጣት ነበረበት። በዚያ ላይ ብርዱና ነፋሱ ብርቱ ነው፤ በአካባቢውም የነበረው ዛፍ እየተቆረጠ አለቀ። በ1879 ዓ.ም. ወይዘሮ ጣይቱ፥ ኋላ እቴጌ የተባሉት፥ ፍል ውሃው በሚገኝበት በፊንፊኔ ሜዳ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ከተማውም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ለታላቁ ሥርዓት ግን እንጦጦ አልተረሳም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው።

በዚያ ዘመን በዚህ ተራራ መንኰራኵር አይታይም ነበር። የአገራችን ጭነት የሚሄደው በሰው ትከሻ፥ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ በተዘመተ ጊዜ መድፉ እንኳ በበቅሎ ተጭኖ ነው የሄደው። አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ይቈጥሩታል፤ እኛ ግን ከእንጦጦ ወደ ታች ስንመለከት አሳባቸውን ለመቀበል ይቸግረናል። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ እግሯን ወደ ፊት ታስገባለች፥ እርምጃዋን ታሳጥራለች፥ ድንጋዩ ቢንሸራተት ትቆማለች፤ ፍሬኗ ከእርሷ ጋራ የተፈጠረ ነው። ጋሪ ግን የሚገፋው እንጂ የሚይዘው የለውም። ጋሪን ለዳገት አገር ለማብቃት አስቀድሞ መንገድ መሥራት፥ ቀጥሎም ፍሬን መሥራት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በዚያ ጊዜ አልነበሩም።

በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባሉ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ መኪና አስመጡ። ከባሕር ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ ለማድረስ ብዙ ሰውና ብዙ ጊዜ ጠይቋል። ሕዝቡም ስሙን «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ አወጣለት፤ ስሙም እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ። ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ አውቶሞቢል እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። የዚያ ዘመን አውቶሞቢል ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማዎች ብቻ ነበር፤ የሚሠራውም በብረት ዘንግና በገመድ ነው። በአራቱም ጎማ የሚይዝ ፍሬን በዓለም የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1920 ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። እንግዲህ «ፍሬን ተበጠሰ» የሚለው አነጋገር በዚያ ዘመን ቢነገር የቃሉን ትርጕም የጠበቀ ነበር ማለት ነው፤ በእርግጥ የሚበጠስ ገመድ ነበረና። ቃሉ ራሱ፥ ማለት ፍሬን፥ ማርሽም ፍሪሲዮንም፥ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው።

የኢጣልያ ጦር አገራችንን በያዘበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ለወታደር ካሚዮን ሲባል ብዙ መንገድ ተሠራ። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ ተራራውን የበሳው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ የዚያ ጊዜ ሥራ ነው። ከነጻነት በኋላም በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹ እየተጠገኑና እየተዘረጉ ሄዱ። የካሚዮን ዘመን በሙሉ የገባው ከዚህ ወዲህ ነው። ካሚዮኑ ፊያት ነው፤ ከኋላው ተሳቢ አለው፤ ረዳቱ ደግሞ ታኮ ይዞ በዳገት ላይ ከካሚዮኑ ኋላ እየሮጠ ይከተላል። ታኮ ማለት ከጎማው ሥር የሚገባ ሾጣጣ እንጨት ነው፤ ከፍሬን ሁሉ ቀላሉና የማይግለው እርሱ ነው። ዛሬም ታኮ የሌለው ካሚዮን ሙሉ ነው ለማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንመለስ። ዘቅዛቃ ወለል የሊቃውንትን አሳብ የያዘው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1586 ስቴቪን የሚባል የፍላንደር ሰው፥ በቁልቁለት ላይ ያለ ዕቃ ከክብደቱ ምን ያህሉ ወደ ታች እንደሚጐትተው አሳየ። ጋሊሌዎ ደግሞ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በእንጨት ላይ በተቦረቦረ ቦይ የነሐስ ድቡልቡል እያንከባለለ፥ ጊዜውን ከዕቃ በሚንጠባጠብ ውሃ ሚዛን እየለካ የመውደቅን ሕግ እንዳገኘ ጻፈ። ጋሊሌዎ ቁልቁለትን የመረጠው መውደቅን ለማዘግየት ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነገር በዚያ ጊዜ በነበረው መለኪያ ለመለካት እጅግ ይፈጥን ነበርና። እኛ የምንፈልገውም ከእርሱ ብዙ አይርቅም።

ቁልቁለቱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ዝቅ የሚል ነው እንበል። የመሬት ስበት በነጻ የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሴኮንዱ በ10 ሜትር በሴኮንድ ያህል ይጨምራል፤ በትክክሉ 9.8 ነው፥ ግን ስሌቱ እንዲቀል 10 እንውሰድ። በዚህ ቁልቁለት ላይ ከስበቱ ወደ ታች የሚጐትተው ከዐሥር አንዱ እጅ ነው፤ ይህም በየሴኮንዱ 1 ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ይህችን አንድ ቁጥር ያዟት፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ቢደክምም ቢበረታም እርሷ አትለወጥም።

አንድ መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በሴኮንድ 10 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ ደኅና፥ መንገዱም ደረቅ ሆኖ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ5 የሚቀንስ ከሆነ፥ በሜዳ ላይ 10 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በቁልቁለቱ ላይ ግን ከ5 ላይ 1 ይቀነስና 4 ይቀራል፤ መኪናውም 12 ሜትር ተኩል ይሄዳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ሾፌሩ ልብ እንኳ አይለውም። አሁን የሐምሌ ዝናብ ይዝነብ፤ ፍሬኑ በየሴኮንዱ 2 ብቻ የሚቀንስ ይሁን። በሜዳ ላይ 25 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በቁልቁለት ከ2 ላይ 1 ሲቀነስ 1 ይቀራል፤ መቆሚያውም 50 ሜትር፥ ማለት የሜዳው እጥፍ ይሆናል። ደግሞ ፍሬኑ ግሎ ወይም መንገዱ ጭቃ ሆኖ በየሴኮንዱ 1 ብቻ የሚይዝ ቢሆንስ? በሜዳ ላይ በ50 ሜትር ይቆማል። በቁልቁለቱ ላይ 1 ከ1 ሲቀነስ የሚቀር የለም። ሾፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ መኪናው በዚያው በ36 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ ቁልቁለቱ መጨረሻ ይወርዳል። ከዚያ ትንሽ ቢደክም ደግሞ፥ ፍሬን ተይዞ ሳለ ፍጥነቱ ይጨምራል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው ቁም ነገር ይህ ነው። ቁልቁለት ከብርቱ ፍሬን የሚወስደው ጥቂት ነው፤ ከደካማ ፍሬን ግን ያለውን ሁሉ ይወስዳል። በሜዳው፥ በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ሲነዳ ደኅና የሚመስል መኪና፥ በእንጦጦ ላይ ደኅና ላይሆን የሚችለው ስለዚህ ነው። በሜዳ ላይ የተፈተነ ፍሬን ገና ግማሽ ፈተናውን ነው ያለፈው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ መቆሚያው አራት እጥፍ ይሆናል። በዝናቡ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና 200 ሜትር ሳይሄድ አይቆምም።

በክፍላችን ብዙ ያከራከረን ሌላ ጥያቄ የጭነት ጉዳይ ነው። ስሌቱን በትክክል የሠራ ሰው ክብደቱ ከሁለቱም ወገን እየተሰረዘ እንደሚጠፋ ያገኛል። የሚጐትተው ኃይል በክብደት ልክ ያድጋል፤ የጎማና የመንገድ ፍትጊያም በክብደት ልክ ያድጋል። ይህንንም አሞንቶን በ1699፥ ኩሎም ደግሞ በ1785 ባሳተሙት የፍትጊያ ጥናት ያስረዱት ነው። እንግዲህ ባዶውም የተጫነውም ካሚዮን እኩል ርቀት ላይ ይቆማሉ ማለት ነውን? መጽሐፉ «አዎን» ይላል፤ ሾፌሮች ግን «ከቶ አይደለም» ይላሉ። ከእኛም ግማሹ ከመጽሐፉ ጋራ፥ ግማሹ ከሾፌሮቹ ጋራ ቆመ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። የመጽሐፉ ካሚዮን ፍሬን አይግልም። የእውነተኛው ግን ይግላል። በ1798 ራምፎርድ የተባለው ሊቅ በሙኒክ ከተማ መድፍ ሲሰረሰር ብረቱ እጅግ እንደሚግል አይቶ፥ ሥራውን በውሃ ውስጥ አድርጎ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት እንደ ፈላ ለዓለም ነገረ። ኋላም ጁል የተባለው እንግሊዛዊ፥ የሚወርድ ክብደት ስንት ሙቀት እንደሚሰጥ በቁጥር ለካ። በፍትጊያ የሚጠፋ ጉልበት የለም፤ ሙቀት ይሆናል። ፍሬንም ሥራው ይኸው ነው፤ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ።

ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ስሌት ሠራን። 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ካሚዮን በከፍታ 400 ሜትር ይውረድ። ይህን ቁጥር የወሰድነው ለስሌት እንዲመች ነው እንጂ ከእንጦጦ ራስ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው ከዚህም ይበልጣል። ካሚዮኑ ከላይ በተነሣበት ፍጥነት ከታች ቢደርስ፥ የወረደበት ከፍታ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኗል፤ እርሱም 40 ሚሊዮን ጁል ነው። በእንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃውን ከ15 ዲግሪ ተነሥተን ብናፈላው፥ ይህ ሙቀት ከ120 ሊትር በላይ ውሃ ያፈላል፤ ስድስት ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት 200 ኪሎ ግራም በሚመዝን የፍሬን ብረት ውስጥ ቢከማችና መውጫ ቢያጣ፥ ብረቱ ከ400 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚህን ያህል ግለት የፍሬን ሸራ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። 5 የነበረው 2፥ 2 የነበረው 1 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከላይ ቈጥረነዋል። ክብደት ከመጀመሪያው ስሌት ቢሰረዝም በዚህኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጀሪካኑ ዐሥራ ሁለት ይሆናልና።

ከተራራው ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶችና እኅቶችም በዚሁ ሚዛን መዘንናቸው። ሴቲቱ 60 ኪሎ፥ እንጨቱ 30 ኪሎ ቢሆን፥ ያው 400 ሜትር ሲወረድ ሙቀቱ አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ያን ሁሉ የሚይዘው ጕልበታቸውና ጭናቸው ነው። በአጭር እርምጃ፥ አግድም እየጠመዘዙ የሚወርዱት ለዚህ ነው። ምንም ፊዚክስ ሳይማሩ መንገድ ሠሪው መሐንዲስ የሚያደርገውን ያደርጋሉ።

መሐንዲሱም የሚያደርገው ያንኑ ነው። የአህያው መንገድ በቀጥታ ይወርዳል፤ የመኪናው ግን ይጠማዘዛል። መጠማዘዙ ሙቀቱን አይቀንሰውም፤ ከፍታው ያው ስለ ሆነ ጀሪካኑም ያው ስድስት ነው። ነገር ግን የሚጐትተውን ያችን «1» ወደ ግማሽ ያወርዳታል፤ ፍሬኑም የሚበርድበት ጊዜ ያገኛል። የእንጦጦው የጎጃም መንገድ ራቅ ብሎ የሚያደርሰው ወደ ዓባይ ሸለቆ ነው። በዚያ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ለ10 ቶን ካሚዮን ዐሥራ አምስት ጀሪካን የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከተሳቢው ጋራ 40 ቶን የሚመዝነውን አንባቢ ራሱ ያስላው።

የቀድሞ ሾፌሮች «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» እያሉ ረዳቶቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ይህ ምክር ከስሌታችን ጋራ በትክክል ይገጥማል። ከባድ ማርሽ ሲገባ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ሞተሩም እንደ አየር መሳቢያ እየታገለ መኪናውን ይይዛል፤ ሙቀቱ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል። ፍሬኑ ቀዝቃዛ ሆኖ ለድንገተኛ ነገር ይቀመጣል። ናፍጣ ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን ስድስቱን ጀሪካን በሙሉ ለፍሬኑ ሸክሞታል። የሚያሳዝነው የሚቈጥበውም ነገር አለመኖሩ ነው፤ የዛሬ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉና። በአየር በሚሠራ ፍሬንም ቢሆን እግርን ቶሎ ቶሎ እየጫኑ መልቀቅ አየሩን ይጨርሳል። ለትንንሽ መኪናዎች ደግሞ የእንጦጦ አየር ሌላ ዕዳ ያመጣል። የሾፌሩን እግር የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ይህም ግፊት በ3,000 ሜትር ላይ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 70 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ጠንከር ብሎ መረገጥ ይኖርበታል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ይህ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ይለወጥና የሚይዘውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በ400 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ሁሉም ባይመለስ ብዙው ይመለሳል። ከምኒልክ ጀምሮ እንጦጦ በወረዱት ሁሉ ላይ በከንቱ ያለፈው ሙቀት አሁን ገና ዋጋ ሊያገኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። በተራራው ራስ ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ የሚነሣ መኪና የሚመለሰውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። መሙላቱን ከታች ለመድረስ ይተውለትና ከላይ ሲነሣ ጥቂት ጎዶሎ ይሁን፤ አለዚያ እንደ ድሮው ካሚዮን ጉልበቱ ሁሉ ወደ ፍሬኑ ብረት ይሄዳል።